የአራሊ ድርሻ

ሙጉሱ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1995

ለወንድሜ ለአራሊ፤

እንዴት ነህ? የምባሌ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደህና ነው። ወጥ ቤቱ በአንድ በኩል ያፈስሳል እንጂ ቤቱም ደህና ነው። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃን። ተናድጃለሁ፤ የተናደደ ሰው ሰላምታ ሲያስረዝም ውሸቱን ነው።

«ቢጋምቦ እንዴት ነው?» ብለሃል። ከእኔ ጉልበት አስቀድመህ የጠየቅከው እሱን ነው፤ ልብ ብያለሁ። ውሻህ ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ወፍሯል። ደህና ያልሆነችው ዳክዬዬ ናት። ማክሰኞ ከእናቶች ማኅበር ስመለስ ነጯን ዳክዬ ከሙዙ ሥር ተዘርግታ አገኘኋት። ቢጋምቦ አጠገቧ ተቀምጦ ጅራቱን ይቆላል። መልካም ሥራ የሠራ መስሎታል እኮ።

ወደ ምባሌ ሲያዛውሩህ «ከፍየልም ከዶሮም ጋር ያሳደግኩት ጨዋ ውሻ ነው» ብለህ ትተህልኝ ሄድክ። ዶሮ አይነካም፤ እውነትህን ነው። ዳክዬዎቹ ግን የመጡት አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። ማኅበሩ ስድስት ሰጠኝ፣ አሥራ አራት አደረስኳቸው፣ አሁን አሥራ ሦስት ናቸው።

ጎረቤታችን ካሊሳ ገና ሬሳዋ ሳይነሳ አጥሩ ላይ ቆሞ፣ «አብዎሊ፣ ደም የቀመሰ ውሻ አይመለስም። ጦሬን ልሳል?» አለኝ። ወሬኛነቱን ለመንካት ብለህ ውሻውን ቢጋምቦ፣ ማለት «ወሬ»፣ ብለህ መሰየምህን እስከ ዛሬ አልረሳልህም። «ውሻው የአራሊ ነው። አባታችን ካረፈ የዚህ ግቢ አባወራ አራሊ ነው። እሱ ሳይመጣ ማንም አይነካውም» ብዬ መለስኩት።

አንተ የሰው ላም የምታክም የመንግሥት ሠራተኛ ነህ። የገዛ ውሻህን ምን ላድርገው?

ለገና ያልመጣህበትን ምክንያት ጽፈሃል። አንብቤዋለሁ። ስለ እሱ አልመልስም።

እህትህ አብዎሊ

ምባሌ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1995

ለእታለም ለአብዎሊ፤

ደብዳቤሽን የአውቶቡሱ ረዳት ትናንት አደረሰልኝ። አስቀድሜ ጉልበትሽን እጠይቃለሁ፤ ቀጥሎ ጣሪያውን። ለገናው ይቅርታ፣ ጉልበትሽን ሳልጠይቅ ለቀረሁትም ይቅርታ። ለፋሲካ እመጣለሁ። ጣሪያውንም በገዛ እጄ እደፍነዋለሁ።

ካሊሳ ጦሩን ለአሳማ ያስቀምጥ። ቢጋምቦ ክፉ ውሻ አይደለም። ዳክዬ ስትንደፋደፍ ያባርራል፣ ያባረረውን ይይዛል፤ ይኼ የማንም ውሻ ጠባይ ነው። ደግሞም ይታረማል። አሁን የምልሽን ሳታጎድዪ አድርጊ። ዳክዬዎቹን በሸምበቆ አጥሪላቸው፤ ሳይመሽ ቤታቸው አስገቢያቸው። ጠዋት እነሱን ከመልቀቅሽ በፊት ውሻው ጠግቦ ይብላ። የውሃ ሳህናቸውም ይለይ፤ ዳክዬ ጭቃ መንቁሯን የሰው ሳህን ውስጥ ስታጥብ እኔም ብሆን እቆጣለሁ። ክንፋቸውን ቆርጠሽ ከሆነ ሁለተኛ አትቁረጪ፤ ማምለጫቸው እሱ ነው።

ዋናው ግን ይኼ ነው፦ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ውሻውን በገመድ ይዘሽ ከአጥሩ አጠገብ ተቀመጪ። ይያቸው፤ እስኪሰለቹት ይያቸው። ረጋ ብሎ ሲያይ በለስላሳ ድምፅ አነጋግሪው፤ የሚወደውን ቃል በይው። እስኪለምድ ድረስ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን አንድ ላይ ለብቻቸው አትተያቸው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ምን ትመግቢዋለሽ?

አራሊ

ሙጉሱ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1995

ለአራሊ፤

መመሪያህ ደረሰኝ። ማኅተም ብቻ ነው የጎደለው።

ያልከውን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ አንድም አላጎደልኩ። ሸምበቆውን ከወንዙ ዳር በራሴ ተሸክሜ አመጣሁ፤ ጉልበቴ ያኔ ደህና ነበር፣ አሁን አይደለም። ውሻው ከእኔ በፊት ቁርሱን ይበላል። ክንፍ መቁረጥ ትቻለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላዬን በርጩማ ላይ ተቀምጬ ከውሻ ጋር ዳክዬ ስመለከት ከረምኩ። መንገደኛው ሁሉ ቆም እያለ «አብዎሊ፣ ስብከቱ መቼ ነው የሚጀምረው?» ይለኛል።

የሚወደውን ቃል በይው ብለሃል። ብዬዋለሁ። እኔና እሱ ቃል አለን። ስናገረው ጆሮው ቀጥ ይላል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ዓይኑን ከዳክዬዎቹ አይነቅልም። ረጋ አለ ብዬ ደስ አለኝ።

እሁድ እለት ገመዱን በጠሰና በአንድ ጊዜ ሁለት ገደለብኝ። አሥራ አንድ ቀሩ።

የባሰው ደግሞ ይኼ ነው። ሥጋቸውን አልነካም። ደረታቸው እንዳለ ነው፤ ጭናቸውም እንዳለ ነው። ሆዳቸውን ብቻ ዘንጥሎ አንጀቱን ግቢው ላይ በትኖታል። የመጀመሪያዋም እንደዚያ ነበረች፤ ያኔ ልብ አላልኩም። አክስታችን አድየሪ አይታ አፏን ያዘች። «በዕድሜዬ ሥጋ ትቶ ሆድ የሚያምረው ውሻ አላየሁም። ይኼ በመተት የተላከ ነው» አለች። ካሊሳም በማግስቱ ወሬውን ገበያ አደረሰው። አሁን ሰዎች በእኛ ደጅ ሲያልፉ ልጆቻቸውን በሌላው ጎናቸው ያደርጋሉ።

ምን ትመግቢዋለሽ ላልከው፣ እኛ የምንበላውን ነው። የሙዝ ማቶኬ፣ ቦሎቄ፣ የዳጉሳ ገንፎ ሲተርፍ። ውሻ ሌላ ምን ይበላል?

ፋሲካ ስምንት ሳምንት ነው የቀረው። እየቆጠርኩ ነው።

አብዎሊ

ምባሌ፣ ማርች 8 ቀን 1995

ለካባሄንዳ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

አሥራ አንድ ዓመት ከእንስሳ ጋር ሠርቻለሁ። ውሻ በራሱ ሥጋ ትቶ ሆድ አይመርጥም። የተላከ ውሻ የሚባልም የለም፤ ለአክስታችን ይኼንን በአክብሮት ንገሪልኝ። ውሻ አንድ ነገር የሚፈልገው ያንን ነገር የሰጠው ሰው ሲኖር ነው። ማን ነው የሰጠው? ጥሬ ነገር ሰጥተሽው ታውቂያለሽ? ካሊሳ ከአደን ሲመለስ ይወረውርለታል? ጠይቄሽ ነበር፤ ስለ ማቶኬ መለስሽልኝ።

የሰጠሁሽን ገመድ ደግሞ ኮርማ አይበጥሰውም። አልተበጠሰም፤ ደህና አልታሰረም።

ለፋሲካ የክትባት ሥራ ሳይወጣ አይቀርም። እሞክራለሁ።

ባጋምባ

ሙጉሱ፣ ማርች 24 ቀን 1995

ባጋምባ፤

እናታችን ያወጣችልኝን የቁልምጫ ስም ዘልለህ በመዝገብ ስሜ ጻፍክልኝ። በምድረ ቶሮ ሰው እህቱን እንዲህ የሚጠራት ሲካሰሳት ነው። እሺ፤ እኔም እችልበታለሁ።

የእሁዱ ቋጠሮ ተፈትቶ ይሆናል፤ አሁን ገመዱ ደህና ነው የታሰረው፣ ግን እስከ አጥሩ ያደርሰዋል። የተነደለው ሸምበቆው ነው፤ በጥርሱ። ሐሙስ እለት ወጥ ቤት ገብቼ እስክወጣ ድረስ አንዲቱን ይዟታል። አውራው ዳክዬ በክንፉ ፊቱን እየደበደበው፣ እሱ እየደማ ሆዷን ይፈለቅቃል። በመጥረጊያ እንጨት መታሁት፤ በሕይወቴ መትቼው አላውቅም ነበር። አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። አሥር ቀሩ።

የሰፈሩ ሊቀመንበር ሽማግሌዎቹን ይዞ መጣ። ካሊሳ፣ «ዛሬ ዳክዬ ነው፣ ነገ የሚድህ ሕፃን ይሆናል» አለ። አንድም ሰው አልተቃወመውም። እስከ ፋሲካ ማግስት እንዲታገሱኝ ለመንኳቸው፤ «አራሊ ይመጣል፣ እሱ ይፈርዳል» አልኳቸው። እስከዚያው ተስማምተዋል። ካልመጣህ ሰኞ ጠዋት ካሊሳ ጦሩን ይዞ ይመጣል።

ስለ ውሻው ብቻ አይምሰልህ። እሱ ደጅ ላይ እስከተኛ ድረስ ሰው «የአራሊ ቤት አልተዘጋም» ይላል። ሲሞት ምን እንደሚሉ አንተው አስበው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የአውቶቡሱ ረዳት ምባሌ ገበያ ቆርቆሮ ስታስጭን አይቶሃል። ብዙ ቆርቆሮ። የእኔ ወጥ ቤት እንደሆነ ሦስት ይበቃዋል። የማን ጣሪያ ነው?

ካባሄንዳ

ምባሌ፣ ኤፕሪል 3 ቀን 1995

ለአብዎሊ፤

ስምሽን የዘለልኩት በንዴት ነው። ይቅር በይኝ፤ ከላክሁት ሰዓት ጀምሮ ሲቆረቁረኝ ነው የሰነበተው።

ለፋሲካ አልመጣም። ረዳቱን ቢጋምቦን እንዲያሳፍርልኝ ለመንኩት፤ «የተላከ ውሻ አልጭንም» አለኝ። ወሬው ካምፓላን አልፎ እዚህ ደርሷል ማለት ነው። ስለ ቆርቆሮው ፊት ለፊት ብናወራ ይሻላል።

እባክሽ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምጠይቅሽ። ሽማግሌዎቹን የምከራከረው ሰበቡን ካወቅኩ ነው። የሚያሳፍር ነገርም ቢሆን ጻፊልኝ። ምን ሰጠሽው?

አራሊ

ሙጉሱ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1995

አራሊ፤

እሺ። አንብበህ ስትጨርስ ወረቀቱን አቃጥለው፤ አድየሪ ከሰማች በሕይወት አልኖርም።

ለገና እመጣለሁ ስላልክ ዳክዬ አረድኩልህ። የወፍ ጨጓራ የአባወራ ነው፤ አባታችን እያለ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። ጠጠሩን አጥቤ ቀቀልኩት፣ በሳህን አድርጌ በአባታችን ወንበር ፊት አስቀመጥኩልህ። ጠበቅኩህ። ሾርባው ረጋ። እኔ ሴት ነኝ፣ አልበላው፤ ለካሊሳ አልሰጠው፤ አልጥለው። ቢጋምቦ ደጅ ላይ ነበር። የአንተ ነው፤ ከአንተ ቀጥሎ የአንተን ድርሻ ለመብላት ከእሱ የሚቀርብ ማን አለ? «እንካ፣ የአራሊ ድርሻ» ብዬ ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ፣ ነጯ ከመሞቷ በፊት፣ ለአዲስ ዓመት ሳርድ፣ ቄሱ ሲመጡ ሳርድ፣ የባሌ ሙት ዓመት ሲደርስም ሳርድ ያንኑ አደረግኩ። ጨጓራ መቀቀል እንጨት ይፈጃል፤ አንተም እንደማትመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ከሙዙ ሥር ሆዷን እንደከፈትኩ እዚያው በጥሬው እሰጠዋለሁ። «የአራሊ ድርሻ» እለዋለሁ፣ ይቀበለኛል። አሁን «አራሊ» ስል ብቻ ይመጣል። ከአጥሩ አጠገብ ስንቀመጥም የምለው ቃል እሱ ነው። «አይዞህ፣ አራሊ ይመጣል፣ አራሊ ይመጣል» እያልኩ ነው ሦስት ሳምንት የተቀመጥኩት።

የአባወራን ድርሻ ለውሻ ሰጠች ከሚሉኝ ውሻው ተልኮ ነው ቢሉ መረጥኩ። ለዚህ ነው ያልጻፍኩልህ። ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ግን ወንበሩ ባዶ ሲሆን አንተ ምን ታደርግ ነበር?

አብዎሊ

ምባሌ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1995

አብዎሊ፣ እታለሜ፤

ረዳቱን ለምኜ ይኼንን ነገ እንዲያደርስልሽ ሰጥቼዋለሁ። ቶሎ አንብቢው።

ደብዳቤሽን ከፍቼ መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ አልቀጠለልኝም።

ውሻው የተላከ አይደለም፣ አላበደም፣ ሕፃንም አይነካም። ዳክዬ ሆድ ውስጥ የእኔ ድርሻ እንዳለ አንቺ አስተማርሽው፤ ሄዶ ያወጣዋል። ከአጥሩ አጠገብ ስሜን በጠራሽ ቁጥር ደግሞ «ድርሻህ እዚያ አለልህ» ብለሽዋል። ሲገድል ጅራቱን የሚቆላው ለዚህ ነው፤ የታዘዘውን የፈጸመ መስሎታል። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ እኔ ግን ባልበላሁበት እያስጮህኩት አራት ዳክዬ አስፈጀሁብሽ። ጥፋቱ የእኔ መመሪያ ነው፤ ያንቺ አይደለም።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ለፋሲካ አንዲት ዳክዬ እረጂ፤ ካሊሳም ሊቀመንበሩም ባሉበት። ውሻውን በደንብ እሰሪው፣ ሲታረድም ይይ። ጨጓራውን አትስጪው፤ ያን ዕለትም፣ ከዚያም በኋላ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ወር ይስጡሽ። ያላገኘውን መፈለግ ይተዋል። ከአጥሩ አጠገብ መቀመጡን ቀጥዪ፤ ግን ዝም ብለሽ። በግቢው ውስጥ ስሜን አትጥሪ። አንቺም፣ ሌላ ሰውም። ይኼ እንደ ሐኪም ነው።

እንደ ወንድም የምነግርሽ ሌላ ነው። ቆርቆሮው የእኔ ጣሪያ ነው። ናምቦዞ ትባላለች፤ የዚህ አገር ልጅ ናት፣ ኦገስት ላይ ልትወልድልኝ ነው። ምባሌ ላይ ቤት ሠርቻለሁ። በየበዓሉ እመጣለሁ እያልኩ የጻፍኩት እውነቱን ለመጻፍ አቅም ስላጣሁ ነው። በአባታችን ወንበር አልቀመጥም፣ አብዎሊ። እስከ ዛሬ የቀረሁትም ለዚህ ነው። እባክሽ ድርሻዬን አታስቀምጪልኝ። ጨጓራውን አንቺ ብዪው። ግቢውን የያዝሽው አንቺ ነሽ።

አራሊ

ሙጉሱ፣ ጁን 18 ቀን 1995

ለአራሊ፤

ሁለት ወር ሙሉ ያልጻፍኩልህ ወረቀት አጥቼ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ምድጃ ውስጥ ከትቻለሁ። የመጀመሪያው ስድብ ነበር፤ ብታየው ደስ ይልህ ነበር፣ ጥሩ ስድብ ነው። ስለዚያች ልጅ አንድ ደብዳቤ እንኳ ሳትልክልኝ ሆዷ እስኪገፋ ጠበቅክ። አልበረደልኝም። ሲበርድልኝ እነግርሃለሁ።

የፋሲካውን ልንገርህ። ሁሉም መጡ፤ ካሊሳ ጦሩን አጥሩ ላይ አስደግፎ። ቢጋምቦን ከሙዙ ግንድ ጋር አሰርኩት። ዳክዬዋን አረድኩ፣ ሆዷን ከፈትኩ። ውሻህ እየጮኸ አፈሩን ይቧጥጣል። ያየኝ ሁሉ ያኔውኑ ገባው፤ አድየሪ «አንቺ ልጅ፣ ምን ስታበዪው ነበር?» አለችኝ። ዋሽቼ ላመልጥ እችል ነበር። ደከመኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የገናውን ሳህንም፣ ወንበሩንም። ያንተንም ነገርኳቸው፣ አትመጣም አልኳቸው።

ጨጓራውን ቀቀልኩ። ሳህኑን ይዤ ሄጄ በአባታችን ወንበር ተቀመጥኩና በላሁት። አድየሪ ብድግ ብላ ወጣች። ካሊሳ ቆሞ ጨርሼ እስክውጥ አየኝ፣ ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ። «እንግዲህ በውሻው ጉዳይ አባወራውን ነው የምንጠይቀው» አለ ለሊቀመንበሩ። ሊቀመንበሩም እኔን ጠየቀኝ። ውሻው ይኖራል አልኩ።

አራሊ፣ እሱን ነገር በልተኸው ታውቃለህ? ጎማ ነው። አያቶቻችን ይኼንን ነው እንዴ የከለከሉን? ግማሹ ጥርሴ ውስጥ ቀርቷል።

አድየሪ ሁለት ወር ያህል አኩርፋኝ ባለፈው ሳምንት መጣች። ዳክዬ አረድኩላት። ጨጓራውን ከሁለት ቆርጬ ግማሹን ሳህኗ ላይ አደረግኩት። ካየችው በኋላ ዙሪያዋን ቃኝታ፣ ማንም አለመኖሩን ስታረጋግጥ በላችው።

ቢጋምቦ ካንተ ይልቅ ቃል ያከብራል። አራት ሳምንት ሆዳቸውን ሆዳቸውን ሲያይ ከረመ። ከዚያ ሰለቸው። የቀሩት ስምንቱ አሁን አሥራ አራት ሆነዋል፤ ስድስት ጫጩት ተፈለፈለልኝ። ትናንት አንዷ ጭቃ መንቁሯን የእሱ ሳህን ውስጥ ስታጥብ እንደ አንተ ተቆጣ፣ ግን አልተነሳም። ያም ሆኖ ለብቻቸው አልተዋቸውም። መመሪያህ ያለ ማኅተምም ሠርቷል። ጣሪያውን ካሊሳ ደፈነልኝ።

ልጁ ሲወለድ ናምቦዞን ይዘህ ና። በእንግዳ ወግ ተቀብዬ አበላችኋለሁ። በአባታችን ወንበር ግን አትቀመጥም፤ ተይዟል።

አንድ ነገር ብቻ ከብዶኛል። «አራሊ ደህና ነው?» የሚለኝን ሁሉ አጥሩ ጋ ሳይደርስ እጄን አፌ ላይ አድርጌ አስቆመዋለሁ፤ ወደ መንገድ ወጥቼ ነው የምመልስለት። ባለፈው እሁድ ብቻዬን ሳለሁ ስምህ ከአፌ ሊያመልጠኝ ሲል ውሻው ቀና ብሎ አየኝ፤ ዋጥኩት። አባታችን በተቀበረበት፣ አንተ በተወለድክበት ግቢ ስምህ አይጠራም። ለዳክዬዎቹ ስል፣ ለውሻህም ስል። ስለዚህ ውሻው በማይሰማበት በዚህ ወረቀት ላይ ልጥራህ፦ አራሊ። አራሊ። አራሊ።

አብዎሊ